ለጀልባዋ ተጎታች ጎማ ስንመርጥ

ጀልባዋ ግቢያችን የገባችው ተጎታች ላይ ተጭና ነው። ያኔ አስፋልቱ ጂንካ ገና መግባቱ ነበር። እኔ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ የአሪ ልጅ አግብቼም የዚያው አገር ሰው ሆኛለሁ። ኦሞ ዳር ለብዙ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት የውጭ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ነጭ ጀልባቸውን ከነሞተሯና ከነተጎታቿ አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሽማግሌ ለሆኑበት የጴንጤ ጉባኤ ሰጥተው ሄዱ። የታሰበው ጀልባዋ ኦሞ ዳር ወዳለችው ኮልቾ መንደር ወርዳ በሽተኞችንና ነፍሰ ጡሮችን ወንዙን እንድታሻግር ነበር። እስከዚያው ማቆሚያ ተፈለገና በሩ ሰፊ ነው ተብሎ የእኛ ግቢ ተመረጠ።

"ለጊዜው ነው" አሉን። ለጊዜው የተባለው ሁለት ክረምት ወሰደ። ዶሮዎቻችን ጀልባዋ ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ባለቤቴ ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ማንጎው ዛፍ ገመድ ወጥራ ልብስ አሰጣችባት። ጎማዎቹ ቀስ እያሉ ተነፈሱ፤ ጎናቸው ፀሐይ እንደመታው የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፤ በመጨረሻም ተጎታቹ በጎማው ብረት፣ በቸርኬው፣ መሬት ነክቶ ተቀመጠ። ልጆቼ ጀልባ ማለት ግቢ ውስጥ የሚኖር ነገር ይመስላቸው ነበር።

አንድ እሁድ አማቼ ከጸሎት ሲወጡ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። አማቼ ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ ቡናና እንሰት የሚያለሙ ረጅም ሰው ናቸው። አማርኛን የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ ሲናገሩ ቃል ይቆጥባሉ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ልጄ"ም ብለውኝ አያውቁም። መምህር ነው የሚሉኝ።

"መምህር።"

"አቤት አባባ።"

"ጎማ ምረጥ።"

በትክክል መስማቴን ተጠራጠርኩ። "የምን ጎማ?"

"የተጎታቿን። ጉባኤው ወሰነ። ጀልባዋ ትሂድ አለ። መጀመሪያ የምሳፈር እኔ ነኝ። አንተ ጎማ ምረጥ።"

"አባባ፣ እኔ እኮ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ስለ ጎማ ምን አውቃለሁ?"

"የተጻፈባት እንግሊዝኛ ነው" አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ ጨመሩበት፤ "የጣና አገር ሰው ነህ። ጀልባ ታውቃለህ።"

የተወለድኩት ጎጃም ውስጥ፣ ከጣና በጣም የራቀች የደጋ ከተማ ነው። ሐይቁን ያየሁት አንዴ፣ ያውም በአውቶቡስ መስኮት ነው። ይህን ለአማቼ ዘመዶች ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ግን ጎጃም ካልኩ ጣና ነው፤ ጣና ካልኩ ደግሞ ጀልባ ነው። ያን ቀን መከራከሩን ተውኩትና ተንበርክኬ ጎማውን ማንበብ ጀመርኩ።

አማቼ ከኋላዬ ቆመው ይጠብቃሉ። ጎማው ላይ ዙሪያውን ቁጥርና ፊደል ሞልቷል። መጀመሪያ ላይ "ኤስ" እና "ቲ" የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። በእንግሊዝኛ እነዚህ ፊደላት ጎዳና የሚለውን ቃል ያሳጥራሉ፤ ቅዱስ የሚለውንም ያሳጥራሉ። ጎዳና ነው እንዳልል፣ ጎዳና የማይሄድ ጎማ አላውቅም። ቅዱስ ነው እንዳልል ደግሞ ለጉባኤ ሽማግሌ ቅዱስ ጎማ ነው ብዬ መንገር ከበደኝ።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

ዞሬ ዞሬ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። "ለተጎታች ብቻ ይላል።"

"እሱን እናውቃለን። ሌላስ?"

ሌላው ቁጥር ነበር።

በማግስቱ አንዱን ጎማ ከነቸርኬው አስፈትቼ በባጃጅ ወደ ጎሚስታው ወሰድኩት። ጎሚስታው ከመናኸሪያው አጠገብ ቆርቆሮ ስር የሚሠራ ቀልደኛ ሰው ነው። ጎማውን በእግሩ ገልብጦ አየና "ይቺ አሥራ ሦስት ናት" አለኝ። አሥራ ሦስት ማለት የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ጂንካ ውስጥ በአሥራ ሦስት የምትሄደው ትንሿ የቤት መኪና ብቻ ናት፤ የእሷ ጎማ ደግሞ ጎኑ ስስ ስለሆነ ጀልባ ሲጫንበት ይተኛል አለ። የፒካፕ ጎማ ጠንካራ ነው፤ ግን ቸርኬው ይሰፋል። ቸርኬውንም አብረን እንቀይር ካልን የፒካፕ ቸርኬ ስድስት ቡሎን ይፈልጋል፤ የእኛ ተጎታች ያለው አምስት ነው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኩት።

"ሁሉም ይቻላል" አለኝ። ይሄ መልስ ግራ አጋባኝ፤ አንዱም አይሆንም ሲለኝ ነበር የቆየው።

ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ጎማ የምትሸጠው ሴትዮ ሱቅ ገባሁ። ሴትዮዋ ከወላይታ መጥታ ጂንካ የከበረች ነጋዴ ናት። ስለ ጎን መሳሳት ስነግራት ሳቀች። ለተጎታች የሚሻለው ለስላሳ ጎማ ነው፤ ጠንካራ ከሆነ ጀልባዋን እያነጠረ ይሰነጥቃታል አለችኝ። አመንኳት። ተመልሼ ለጎሚስታው ስነግረው፣ ለስላሳ ጎማ በሙቀት ይፈነዳል፤ ንፋሱ እስከ መጨረሻው ተሞልቶ እንደ ድንጋይ መሆን አለበት አለኝ። እሱንም አመንኩት። አንዱ ካላማዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ፣ ይግባበት ሲለኝ፣ ሌላው ካላማዳሪ ከገባበት መንገድ ላይ ይጥላችኋል ይለኛል። የማምነው ሁልጊዜ መጨረሻ ያናገርኩትን ሰው ነበር። ክፍል ገብቼ ስለ ግሥ እያስተማርኩ አእምሮዬ ቡሎን ይቆጥራል።

መጀመሪያ የመረጥኩት የትንሿን መኪና ጎማ ነበር። አማቼ ከደጋ ወርደው አዩትና ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። "ለስላሳ ናት" አሉ። ልክ ናቸው አልኩ፤ ጎሚስታውም ብሎኛል። ቀጥሎ ጎሚስታው ያገለገለ ግን ጥርሱ ያላለቀ ጎማ አገኘልኝ። "አርጅታለች" አሉ። ይህንንም ተቀበልኩ። ሦስተኛው ሐሳቤ የፒካፕ ቸርኬ አምጥቶ ቀዳዳውን ማስተካከል ነበር፤ ለዚያ ግን ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። አማቼ ፓራፋንጎውን በመዳፋቸው ዳበሱና "ስጦታ ነው። አይቆረጥም" አሉ።

በመጨረሻ ነጋዴዋ ከሶዶ አንድ ጎማ አስመጣችልኝ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ አዲስ ነው፤ ጎኑም ጠንካራ ነው። ጎሚስታውና ነጋዴዋ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጎማ ይኸ ነበር። ደስ ብሎኝ አማቼን ሱቁ ድረስ ወሰድኳቸው። ጎማውን ዞሩት። አሸተቱት። ከሱቁ አስወጥተው ፀሐይ ላይ አዩት።

"በጣም ጠቁራለች" አሉ።

ነጋዴዋ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

"አባባ፣ ጎማ እኮ ጥቁር ነው።"

"ነው። ይቺ ግን በዛ።"

ይህን ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ነጋዴዋ ጎማውን እያንከባለለች መለሰችው። እኔ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለስላሳና አሮጌ የሚለው ይገባኛል። መጥቆሩን ግን ከየትኛው ምክንያት ጎን እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ጀልባዋ ላይ ልብስ እያሰጣች ሰማችኝ።

"አባትሽ ምንድነው የሚፈልጉት?"

"ጎማ ነዋ" አለችኝ።

"ጎማውን ነው ወይስ እኔን ነው ያልወደዱት?"

እጇን ከልብሱ ላይ አንስታ አየችኝ። "አንተን ካልወደዱ ለምን ምረጥ ይሉሃል?"

ነገሯ ልክ ነበር። ግን ነገሩ ውስጤ ገብቷል። ከተጋባን ጀምሮ አማቼ ከእኔ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም። እኔ ረቡዕና ዓርብ ስጾም እሳቸው አይጾሙም፤ እሳቸው ጉባኤ ሲሄዱ እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም፤ ደግ ቃልም እንዲሁ አልበዛም። ይህ የጎማ ነገር ሲመጣ፣ ባልናገረውም፣ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ያመጣሁትን ሁሉ ሲመልሱብኝ፣ ምናልባት የሚመዝኑት ጎማውን ሳይሆን እኔን ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ የዚያ ጉባኤ አባል የሆነ የሒሳብ መምህር "እባክህ ያን ጎማ መርጠህ ገላግለን" አለኝ።

"እኔ?"

"ሽማግሌው ሁልጊዜ ስንጠይቃቸው 'መምህሩ ገና እየመረጠ ነው' ይሉናል።"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። በጣም ነበር የከፋኝ። አራት ጎማ መርጬ አራቱንም የመለሱት እሳቸው፣ ያዘገየሁት ደግሞ እኔ ነኝ ማለት ነው። በዚያው ብሽቀት አርባ ምንጭ ለሚያስተምር የኮሌጅ ጓደኛዬ ደወልኩ። እዚያ ሐይቅ አለ፤ ጀልባም አለ፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ጓደኛዬ ሐይቁ ዳር ወርዶ ባለ ጀልባዎችን ጠየቀልኝና መልሶ ደወለ።

"የእኛ ጀልባ ከውሃ አይወጣም፤ ጎማ ምን ይሠራለታል አሉኝ" አለ።

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ አላውቅም። ግን አንድ ጎማ ሻጭ ለትንንሽ የጭነት መኪና የሚሆን አሥራ ሦስት አለኝ ብሏል። ጎኑ ወፍራም ነው፤ ጭነት ይችላል። ልላክልህ?"

"ላክልኝ" አልኩት። ማንንም አላማከርኩም። ሁለቱ ጎማዎች በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጡ። ጎሚስታው ግቢያችን ድረስ ማንሻ ክሪኩን ይዞ መጥቶ ገጠማቸው። ቸርኬው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታም ፈቶ ግሪስ ቀባልኝ። ተጎታቹ ከመሬት ሲነሳ ዶሮዎቹ ከጀልባዋ እየዘለሉ ወጡ።

አማቼ ሲመጡ ሥራው አልቋል። በአንደኛው በኩል ቆሙ፤ ዞረው በሌላኛው በኩል ቆሙ። ሊሉ የሚችሉትን ሁሉ አስቤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

"መረጥክ?" አሉኝ።

"መረጥኩ።"

"እሺ" አሉና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ባለቤቴ ምሳ አቀረበችላቸው፤ ብዙ አልበሉም። ያዘጋጀሁት መልስ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጉባኤው ከተማ ውስጥ ከሚሠራ ምዕመን ፒካፕ ለመነ፤ ሾፌርም አብሮ መጣ። ትምህርት ቤት ዕረፍት ስለነበር፣ ጎማውን የመረጥከው አንተ ነህና አብረህ ሂድ ተባልኩ። ሾፌሩና አማቼ ፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠን ከጂንካ ወጣን። ሰው እየቆመ ያያል፤ በዚያ አገር መንገድ ላይ ጀልባ የዕለት ተዕለት ነገር አይደለም። ዓይኔን ከጎማዎቹ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። በኋላ መስኮት የሚታየኝ የግራው ብቻ ስለነበር ለቀኙ እጸልያለሁ።

አልዱባ ስንደርስ ገበያ ቀን ነበር። ሾፌሩ ውሃ ሊገዛ ቆመ። ገበያተኛው ፍየሉንና ቅሉን ትቶ ጀልባዋን ከበበ። አንድ የበና ሽማግሌ፣ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ የጀልባዋን ጎን ኳ ኳ አድርገው በአማርኛ ጠየቁ።

"ውሃዋ የት ነው?"

"ኦሞ" አሉ አማቼ።

"አንተ ትገባባታለህ?"

አማቼ ወደ ቀኙ ጎማ ሄደው ጎንበስ አሉና እጃቸውን ጫኑበት። እኔም ተከትዬ ጎንበስ አልኩ።

"ሞቃለች" አሉኝ።

"ትንሽ መሞቅ ያለ ነው አባባ። ንፋሷ ጥሩ ነው።"

"ትፈነዳለች?"

"አትፈነዳም።"

"ትንሽም?"

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ላብ አለ። ቀስ ብለው፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ፣ "መጥፎ ጎማ ብትመርጥ እዚህ እንቀር ነበር" አሉኝ።

የሚቀልዱ መሰለኝ። ከዚያ ሳይጠየቁ ተናገሩ። እሳቸው ባደጉበት ደጋ ወንዝ ማለት በእርምጃ የሚታለፍ ነው። ከጉልበት በላይ ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ጉባኤው ፊት ቆመው "መጀመሪያ የምሳፈር እኔ ነኝ" ያሉት፣ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ሽማግሌ ዝም ማለት ስለማይችል ነው። ካሉት በኋላ መመለሻ አጡ። "ጎማዎቹ ምንም አላጠፉ" አሉኝ። "ጥቁሯም ጥሩ ነበረች።"

ምን እንደተሰማኝ እስካሁን በትክክል መናገር አልችልም። መናደድ ነበረብኝ፤ ስንት ቀን ነው በቁጥርና በፊደል የተንገላታሁት። ግን ንዴቱ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው፤ እኔም ውሃ እፈራለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የጣና አገር ሰው ነኝ ተብሎ ስለታመነ የጠየቀኝም የለም።

"እኔም እፈራለሁ አባባ" አልኳቸው።

"አንተ?" ዓይናቸው ፈጠጠ። "ጣናስ?"

"በአውቶቡስ ነው ያየሁት። ስንቴ ነገርኳችሁ።"

አሰቡበት። "እኛ ትሕትና መስሎን ነበር" አሉ።

ያን ቀን ቱርሚ አደርን። ከቱርሚ በኋላ መንገዱ አሸዋና እሾህ ነው፤ ሾፌሩ ተጎታቹ እንዳይዘል በቀስታ ነዳ። ኮልቾ ስንደርስ ወንዙ ከገደሉ በታች፣ ሰፊና ቡናማ ሆኖ ታጥፎ ሲሄድ ታየ። አማቼ ከፒካፑ ሳይወርዱ አዩት። የመንደሩ ወጣቶች ከታች በኩል ቁልቁለቱ የሚቀልበትን አሳዩንና፣ ተጎታቹን ከፒካፑ ፈትተን ከኋላ በገመድ እየያዝን አወረድነው። ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ እየሰመጡ ወረዱ፤ ከዚያ ውሃው ዋጣቸውና ጀልባዋ ብቻዋን ተነሳች። ያን ሁሉ ጊዜ የመረጥኳቸው ጎማዎች ከውሃው በታች ሲጠፉ አንድ ነገር የጎደለኝ መሰለኝ።

ሞተር የሚያውቀው ከመንደሩ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ድሮም የውጭ ሰዎቹን ያመላልስ የነበረው እሱ ነው። "ግቡ" አለን። አማቼ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ገቡ፤ ወንበሩ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ሲነሳ አንዳችን የአንዳችንን እጅ ያዝን። እስክንሻገር አማቼ በአሪኛ ሲጸልዩ እሰማ ነበር፤ እኔም በራሴ መንገድ እመቤቴን እየለመንኩ ነበር። ማዶ ስንደርስ ሰዎች እየሳቁ ተቀበሉን። አማቼ ደረቁ መሬት ላይ ትንሽ ከቆሙ በኋላ "በእግር መመለሻ የለም?" ብለው ጠየቁ። የለም ተባሉ። ስንመለስ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ጀልባዋና ተጎታቿ ኮልቾ ቀሩ፤ እኛ ባዶ ፒካፕ ይዘን ጂንካ ገባን። ጀልባዋ ለተወሰኑ ዓመታት ሰው አሻገረች፤ በኋላ ሞተሯ ሞተ፤ ተጎታቹን ወጣቶቹ ማሽላ ይጭኑበታል ሲባል ሰማሁ። አንዱ ጎማ በእሾህ ተበላሽቶ የምን እንደሆነ በማላውቀው ሌላ ጎማ ተተክቷል፤ ይሄዳል አሉኝ። ኤስና ቲ የተባሉት ሁለቱ ፊደላት ምን ማለት እንደሆኑም አንድ መሐንዲስ አንድ ነገር፣ አንድ ሾፌር ሌላ ነገር ነግሮኛል።

ከጉዟችን በኋላ በነበረው እሁድ አማቼ ለጉባኤው ሊናገሩ ነበርና ባለቤቴ "ና" አለችኝ። ከራሴ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ሄድኩና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አማቼ ቆመው በአሪኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። በአማርኛ እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ እጃቸው ይሄዳል፤ ድምፃቸው ከፍና ዝቅ ይላል። የሚገባኝ "ጎማ"፣ "መምህር" እና "ጣና" የሚሉት ብቻ ነበሩ። "መምህር" ባሉ ቁጥር ሰው እየዞረ ያየኛል። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ የሒሳቡ መምህር ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ።

"ምን አሉ?" አልኳት ባለቤቴን።

"ፈርቼ ነበር አሉ።"

"ይኼ ነው የሚያስቀው?"

"አይ" አለች፤ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። "መምህሩ ከእኔ ይብስ ነበር፤ ወንዙ መሐል እጄን አልለቅም አለኝ ነው ያሉት።"

እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ ወይስ እጄን የያዙት እሳቸው? እኔ ሳስታውስ የእሳቸው መዳፍ ነበር ከላይ የነበረው። ስንወጣ አማቴን፣ የባለቤቴን እናት፣ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ አማቼ ያሉት ሌላ ነው አሉኝ፤ "መምህሩ ያዘኝ፤ እኔም ያዝኩት፤ ማን እንደጀመረ አላውቅም" ነው ያሉት አሉ። ባለቤቴ አይደለም አለች። ሁለቱ በአሪኛ ይከራከሩ ጀመር። አማቼ ከበሩ ላይ ሰው እየጨበጡ ቀና ብለው አዩኝና "መምህር፣ ምሳ እኛ ጋ ነው" አሉኝ። ሦስቱን ተከትዬ ዳገቱን ወጣሁ።